ጋቢና ውስጥ ያስተማርኩት ትምህርት

ዓለም ገና ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ጠዋት ከሰበታ ስነሳ የሰፈራችን ሰው ኦቦ ገመቹ ሰሞኑን በገዟት ሚኒባስ ጋቢና አስገቡኝ። ትንሽ እንደሄድን የተማሪዎቼን ደብተሮች አዩና፣ «ቲቸር፣ ዲስትራክት ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ስጠየቅ ደስ ይለኛል። «ሰው ሥራው ላይ እያለ ሐሳቡን ወደ ሌላ ነገር መውሰድ ነው» አልኳቸው።

«እስቲ በምሳሌ?»

ወደ እሳቸው ዞሬ ተመቻቸሁ። ልጅ ሲያጠና ቲቪ መክፈት፣ ሰው ሲጸልይ ስልክ መደወል... ዓይን ዓይኔን እያዩ «እሺ፣ ሌላስ?» ይሉኛል። ከኋላ አንዲት እናት «ወራጅ አለ!» አሉ። ደገሙት። እኛ ሦስተኛው ምሳሌ ላይ ነበርን።

ድንገት ባጃጅ ፊታችን ገባ። ኦቦ ገመቹ ፍሬን ሲይዙ ደብተሮቹ እግሬ ሥር ተበተኑ። ባጃጁን ለጥቂት ሳትነው። ቀና ስል ትምህርት ቤቴን አልፈነዋል።

ድንጋጤው ሲለቀኝ፣ «ለመሆኑ ቃሉን ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«መኪናዋ ላይ ተለጥፎ ነው የገዛኋት። ሌላው ይገባኛል፤ እሷ ቃል ብቻ ናት ያስቸገረችኝ» ብለው ከፊት መስታወቱ በላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አሳዩኝ።

«ሹፌሩን ዲስትራክት አታድርጉ» ይላል።