ሁለተኛው ጉርሻ

አክስቴ ከሰው እጅ አይጎርሱም ነበር። ለቀስተኛው «ጽኑ ነበሩ» ይላል፤ እኔ ግትር ነበሩ እላለሁ።

በጣሊያን ጊዜ እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከባላቸው ጋር አገልግል ይዘው ከቡሬ ወጣ ብለው ወንዝ ዳር ይበሉ ነበር። አንድ እሑድ ባላቸው አንዴ አጉርሰዋቸው፣ «በሞቴ ድገሚ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያሉ ሁለተኛውን ሲጠቀልሉ ወታደሮች ደረሱ። ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለህ ብለው ወሰዷቸው፤ በዚያው ቀሩ።

በየበዓሉ ላጎርሳቸው እጄን ስዘረጋ «የጀመረው ይጨርስ» ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ ሙት አያጎርስም» ብላቸው፣ «ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ይህቺን ብቻ አወቅህ?» አሉኝ።

ትናንት እሑድ ከባዶ መደባቸው ፊት ለፊት ስበላ፣ ሳላስበው አንድ ጉርሻ ጠቀለልኩ። እምቢ የሚለኝ አጣሁ።