የማኅሌት ሚኒማ

ማኅሌት ዋና የለመደችው ላሊበላ፣ አልጋ ታነጥፍበት በነበረው ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው። እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሉ ሲዘጋ ጓዟን ጠቅልላ ባሏ ደርበው ዘንድ፣ ሙጃ የምትባል የደጋ መንደር ገባች። ዋናዋን ግን አልተወችም። ከመንደሩ በታች ያለው የመስኖ ግድብ ውሃው አጥንት ይሰብራል፤ እሷ ምን ተዳዋ! ለአገር አቀፉ የአዋቂዎች ሻምፒዮና ለመመዝገብ ሃምሳ ሜትሩን በአርባ ሰከንድ መጨረስ አለባት። ሚኒማው ይኸው ነው፤ ካሟላች ትሄዳለች፣ ካላሟላች ትቀራለች።

ሰዓት ያዡ ደርበው ነበር። በበቅሎ እህል ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነውና የቆዳ መጫኛዎቹን ቀጣጥሎ በሜትር ለካ፤ ልክ ሃምሳ። አንዱን ጫፍ ከቋጥኝ ያስርና ሌላውን በውሃው ላይ አሳልፎ ማዶ ካስማ ላይ ይወጥረዋል። የረገበ መጫኛ ማየት አይወድም፤ ጭነት ያጋድላላ! ጠዋት ጠዋት ረገብ ባለ ቁጥር ካስማውን እየነቀለ ወደ ኋላ ይተክላል። ማኅሌት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከውሃው ቀና ስትል፣ «አልሞላም፣ ማሂ» ይላታል፣ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል እያደረገ። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ታሳልፋለች።

ምዝገባው በተዘጋ ማግስት የስፖርት መምህሩ አዳም ተማሪዎቹን ዋና ሊያስተምርበት መጫኛውን ለመዋስ መጣ። ከውሃው አውጥተው ዳር ላይ ዘረጉት፤ መምህሩ የብረት ሜትሩን አወጣና ለካ። አላመነም፤ ደግሞ ለካ።

«ጋሽ ደርበው፣ ይኼ እኮ ሃምሳ አራት ነው!»

«ምን አሉ፣ መምህር?»

«ቆዳ አይደል? ሲርስ ተለጥጧል። እርስዎ ደግሞ በላዩ ይወጥሩታል።»

ደርበው ክው አለ። ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ምነው ያ ካስማ የተከለ እጁ በተቆረጠ! ሚስቱ ሚኒማውን ካሟላች ሰንብታ ኖሯል። አልሞላም እያለ የመለሳት ሌላ ማንም አይደለም፣ እሱ ራሱ ነው።

ማኅሌትን ባቄላ ስታርም አገኛትና እየተንተባተበ ነገራት። ትጮህብኛለች ብሎ ነበር። እሷ አልጮኸችም፤ ጭቃ የነካ ክንዷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ የሌላ ሰው ክንድ ይመስል አየችው።

«ውድድሩስ ይቅር» አለች። «እኔ እኮ ጉልበቴ አልቋል፣ አበቃልኝ ብዬ አምኜ ነበር። ያመንኩት ደግሞ አንተን ነው።»