ሞጣ ያለው ዲስክ

ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ቀን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ቢቸና ካለው የኮምፒውተር ጥገና ቤቱ አስገባኝ። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ብሎን መፍታት አልነበረም። ለአንዲት ደንበኛ "ጠፍቷል" ብሎ መንገር ነበር።

ሴትዮዋ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ናት። የቤት ኮምፒውተሯ ሃርድ ዲስክ ሲበራ ይንቋቋል። ይበልጣል ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ ሞከረ፤ ከዚያ ነቀለውና ወደ እኔ ገፋው።

"አንተ ንገራት" አለኝ።

"እኔ?"

"አዎ፣ አንተ። ይህን መናገር ያልቻለ ሰው እዚህ ቤት አይሠራም።"

ነገርኋት። የልጇ ፎቶዎች ነበሩበት፤ ከተወለደ ጀምሮ ያሉት። "ሁሉም?" አለች። "ሁሉም" አልሁ። የኮምፒውተሯን ገመድ ቀስ ብላ ጠቀለለችና ወጣች። ይበልጣል የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። "ከእንግዲህ ጠግነን ብቻ አንሸኝም፤ ቅጂ እንሠራለን" አለ።

አሠራሩን ያወጣው እሱ ነው። ለአንድ ቤት ሁለት ውጫዊ ዲስክ ይገዛል። አንዱ ላይ ቀይ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ይለጠፋል። አንዱ ደንበኛው ቤት ይሆናል፤ ዓርብ ዓርብ የሳምንቱ ሥራ ከቀድሞው ሁሉ ጋር ይገለበጥበትና ተነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሌላው ሌላ ከተማ፣ ሞጣ ይቀመጣል፤ አስተማሪ ከሆነችው እህታችን ከስንዱ ቤት። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሁለቱ ይለዋወጣሉ። አዲስ የተገለበጠበት ወደ ሞጣ ይሄዳል፤ ሞጣ የነበረው ይመጣል።

የሚያመላልስልን የሚኒባስ ረዳት ነው። ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልለን ምሳ ዕቃ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ረዳቱ በመጣ ቁጥር "ዛሬስ ሽሮ ነው ዶሮ?" እያለ ይቀልዳል። "አንተ ብቻ አትቅመሰው" ይለዋል ይበልጣል።

የመጀመሪያው የቅጂ ደንበኛችን ጋሽ አወል ነበሩ። ከወሎ ተመድበው መጥተው ቢቸና ላይ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው። በየገጠሩ እየዞሩ የዕፅዋትን ስም ገበሬው እንደሚጠራው ይመዘግባሉ፤ ፎቶ ያነሣሉ፤ የሽማግሌዎችን ድምፅ ይቀዳሉ። መጽሐፍ ሊያደርጉት ነው። ከነገሯቸው ሰዎች ብዙዎቹ አሁን በሕይወት የሉም። ሁሉም ያለው በዚያች የቤት ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

የእሳቸውን ዲስክ መጀመሪያ የገለበጥሁት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ ያሉትን ፎልደሮች መርጬ ገለበጥሁ። ወዲያው አለቀ። ፈጣን ሠራተኛ የሆንሁ መሰለኝ። ይበልጣል ዲስኩን ሱቅ ውስጥ ሌላ ማሽን ላይ ሰካውና "ክፈተው" አለኝ። አንዱም አልከፈት አለ። የገለበጥሁት ሾርትከቱን ብቻ ነበር።

"የቤቱን አድራሻ ጽፈህ መጣህ፤ ቤቱ ግን እዚያው ነው" አለኝ።

አልተቆጣም። ወደ ጋሽ አወል ቤት መልሶ ላከኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ ራሴ እንድነግራቸው አዘዘኝ። ነገርኋቸው። እሳቸውም "ተማሪ ቤትም ፈተና አስቀድመህ ትጨርስ ነበር ይሉሃል" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ከየፎልደሩ አንዳንድ ፋይል በሌላ ማሽን ሳንከፍት ዲስክ አንልክም። ፎቶ ከሆነ እናያለን፤ ድምፅ ከሆነ እስከ መጨረሻው እንሰማለን።

ይበልጣል አምና ሞተ። ኩላሊቱ ነው። ስለ ሕመሙ... ብዙ መጻፍ አልችልም።

ቀብሩ የዋለው በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነበር። ስንዱ ከሞጣ ስትመጣ ቦርሳዋ ውስጥ ምሳ ዕቃውን አየሁ። የጋሽ አወል ቀይ ዲስክ ነው።

"ምነው አመጣሽው?" አልኋት።

"እኔ እንጃ። ቅዳሜ ነው፤ እጄ አነሣው" አለችና አለቀሰች።

እንግዲህ ሞጣ ምንም አልቀረም። ሁለቱም ዲስክ ቢቸና ናቸው። ቀዩ ደግሞ የወር አሮጌ ነው። ስንዱ እሱኑ ይዛ እንዳትመለስ፣ የዓርቡ ሥራ ያለበት ሰማያዊ ዲስክ መፈተሽ አለበት። ሰኞ፣ በሠልስቱ ዕለት፣ ድንኳን ውስጥ ከጋሽ አወል አጠገብ ተቀመጥሁና በጆሯቸው ነገርኋቸው። "ዛሬ?" አሉኝ። "ዛሬ" አልሁ። አብረን ተነሣን።

አጎቴ በር ላይ ያዙኝ። "አንተ! የወንድምህ አፈር ሳይደርቅ ለሥራ ትሮጣለህ?"

"የእሱ ሥራ ነው፣ አጎቴ።"

ክንዴን ለቀቁኝ። ከጋሽ አወል ቤት ሰማያዊውን ተቀብዬ ሱቁን ከፈትሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ መክፈቴ ነበር። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥሁም። ቆሜ ሠራሁ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈትሁ፤ ሁሉም ተከፈቱ። ረቡዕ ስንዱ ሰማያዊውን ይዛ ሄደች፤ ቀዩን ጋሽ አወል ወሰዱ።

ሦስት ሳምንት አልፎ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣ። ጋሽ አወል እየሮጡ ሱቅ ገቡ። ኮምፒውተሯ አትነሣም። ቀዩም ዲስክ አይነሣም፤ ገልብጠው ሳይነቅሉት እንግዳ መጥቶባቸው ተሰክቶ አድሯል። ሁለቱንም ሞከርሁ። የቀዩ ዲስክ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተቃጥሏል። የኮምፒውተሯ ሃርድ ዲስክም ድምፅ የለውም።

"ይበልጣል ቢኖር ያድነው ነበር" አሉ።

ቃሉ ከበደኝ። ግን ሥራውን አውቀዋለሁ። "እሱም ቢኖር ይህ አይነሣም፣ ጋሽ አወል። ሞጣ ግን አለ" አልሁ።

"ታዲያ ይላክልኛ!"

"አይላክም። የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ የቀረ ዲስክ መንገድ አይወጣም። እኛ ነን የምንሄድ።"

አዲስ ዲስክ ገዝተን በማግስቱ ሞጣ ሄድን። መጀመሪያ የስንዱን ላፕቶፕ ለቫይረስ ፈተሽሁ። ከዚያ ሰማያዊውን ሰክቼ ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመርሁ። ጋሽ አወል ቤቱን ይዞሩታል።

"ስንት ደረሰ?"

"ግማሽ።"

"ቅድምም ግማሽ ነበር!"

"ቁጭ ይበሉ ጋሼ" አለቻቸው ስንዱ፤ "ቢቆሙም አይፈጥንም።"

ሲያልቅ መክፈት ጀመርሁ። ጽሑፉ ተከፈተ። ፎቶዎቹ ተከፈቱ። ከድምፁ የመጨረሻውን መረጥሁ። አንድ ሽማግሌ ስለ አንድ ሣር ይናገራሉ፤ መሐል ላይ "አንተ አስተማሪ፣ ይህንንም ሳታውቅ ነው ልጆቻችንን ያስተማርህ?" ብለው ይስቃሉ። ጋሽ አወል መነጽራቸውን አወለቁ። ሽማግሌው ከተቀዱ ከጥቂት ቀን በኋላ አርፈዋል። የተቀዱትም ይበልጣል ከመሞቱ በፊት ባለው ሳምንት ነው። ቀዩ ዲስክ ወደ ሞጣ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ድምፅ ዛሬ አይኖርም ነበር።

"የጠፋውን ደግሞ ልንገርዎ" አልሁ። "ከቀብሩ ወዲህ የጻፉት የለም።"

"እሱ በደብተሬ አለ፤ እገለብጠዋለሁ" አሉ። ከዚያ ወደ ስንዱ ዞር ብለው፣ "ይህ ልጅ ባለሙያ ነው" አሏት።

በዚህ ሥራ ብዙ ተመስግኛለሁ ማለት አልችልም። ያችን ቃል ግን ይዣታለሁ።

ሰማያዊውን እዚያው ትተን አዲሱን ይዘን ተመለስን። ዛሬ የዘጠኝ ቤት ዲስክ አመላልሳለሁ። ሙያውን የሚጀምሩ ልጆች የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል ብለው ይጠይቁኛል። የፈለጋችሁትን ተጠቀሙ። ዲስኩን ከገለበጣችሁ በኋላ ንቀሉት። በሌላ ማሽን ክፈቱት። ከዚያ ከከተማ አስወጡት። የመላኪያው ቀን ሐዘን ላይ ቢያገኛችሁም ላኩት።