ሮስኮ ቲሊን የሚፈልገው ሰው

በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ፣ ከእስር ለተፈቱ ሰዎች ኮምፒውተር በማስተምርበት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነበር። በእርዳታ ያገኘውን ሰፊ ኮት እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ፊቱን ወደ በሩ ካላዞረ አይቀመጥም። ሌሎቹ የሥራ ማመልከቻ ሲጽፉ እሱ በአንድ ጣቱ አንድ ስም ብቻ ይለማመዳል፤ ሮስኮ ቲሊ።

«ዘመድህ ነው?» አልኩት።

«በሐሰት መስክሮብኝ ሃያ ሁለት ዓመት ያሳሰረኝ ነው። ቤቱን ፈልጊልኝ፣ እህቴ።»

እኔም ሰባት ዓመት ታስሬ የወጣሁ ነኝ፤ ነገሩ ገብቶኛል። ቢሆንም እምቢ አልኩት።

በአራተኛው ሳምንት ስሙን ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ አገኘው። ጠጋ ብዬ ሳነበው የቀብር ማስታወቂያ ነው። ሮስኮ ቲሊ ባለፈው መጋቢት፣ በልጅ ልጆቹ ተከቦ፣ አልጋው ላይ አርፏል።

ተማሪዬ ጥርሱን ሲያፋጭ ይሰማኛል።

«በሰላም አረፈ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«የት ነው የተቀበረው? ጻፊልኝ።»

«ምን ልታደርግ? ሰውየው እኮ ሞቷል።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩለት ነገር አለኝ፤ ሞትኩ ብሎ አያመልጠኝም» አለ።

የመቃብሩን አድራሻ ጻፍኩለት። የሚያደርሰውን አውቶቡስ ቁጥርም ከሥሩ ጨመርኩበት።