እናቴ በዓይኗ ስትሰማኝ

ዛሬ ፌርማታው ላይ አንዲት ሴት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ፣ ውጪ ከቆመች ጓደኛዋ ጋር በመስታወቱ በኩል ታወራ ነበር። ድምፅ አይሰማም፤ የሚታየው ከንፈር ብቻ ነው። እናቴ ትዝ አለችኝ።

እናቴ ጥጥን የምታውቀው ከገጠር ነው። "እንዝርት ጨዋታ አይከለክልም ነበር" ትለኝ ነበር። አስመራ መጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትገባ ግን በሽመና ማኪናዎቹ ጩኸት መሀል ሴቶቹ የሚግባቡት ከንፈር ለከንፈር እየተያዩ ነበር። ከዓመታት በኋላ ጆሮዋ ጨርሶ መስማት ሲያቆም፣ እኛ ቤት ብዙም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ፊቷ ቆሜ በትግርኛ ካወራኋት አንድ ቃል አያመልጣትም።

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ትምህርታችን ከትግርኛ ወደ አማርኛ የተለወጠ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቃሌ የምወጣውን ምንባብ ጮክ ብዬ አጠና ነበር። እናቴ ከሥራ ገብታ፣ የጥጥ ብናኝ ከሻሿ ላይ ሳታራግፍ ፊቴ ተቀመጠች። አፌን አየችው። ጠጋ ብላ ደግማ አየችው። ከዚያ የማኪና ዘይት በሚሸቱ ጣቶቿ አገጬን ያዘችና፣

"ጓለይ፣ ጆሮዬን ተከትሎ ዓይኔም ሊሄድ ነው መሰለኝ" አለችኝ።

"አይደለም፣ አደይ። አማርኛ ስለሆነ ነው" አልኳት በትግርኛ።

አገጬን ለቀቀችው።

"እሺ፣ አንብቢ። እኔ አይሻለሁ።"

እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም።

አውቶቡሱ ሲነሳ የውስጧ ሴት ማውራቷን አላቆመችም። የውጪዋ ከንፈሯን እያየች ጥቂት አብራት ተራመደች፤ ከዚያ መንገዱ ላይ ቀረች።