በሩን የዘጋችው ኮማላቫሊ

በደቡብ ሕንዷ ከተማ በቲሩናሬይኩዲ አማልክት ይጣላሉ። በዓመት አንድ ቀን፣ በፓንጉኒ ወር፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት እኩለ ቀን ላይ፣ የመቅደሱ አምላክ ፔሩማል ከወንዙ ማዶ ሲመለስ ሚስቱ ታያር በሩን ፊቱ ላይ ትዘጋበታለች። ምክንያቷ ግልጽ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ ሚስት አለችው። በሎተስ አበባ ውስጥ ተኝታ የተገኘች ሕፃን ነበረች ይላሉ፤ የዚያን ጊዜው ንጉሥ ወስዶ አሳደጋትና ለአምላኩ ዳራት። ፔሩማል በየዓመቱ ምስሉ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ይሻገርና ሦስት ቀን እሷ ዘንድ ይቆያል። ከዚያ የአንገት አበባው ረግፎ፣ ቀለበቱ ጠፍቶ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ቤቴ ብሎ ይመጣል።

ምስል አይናገርምና ሁለት ሰዎች ይናገሩላቸዋል። አንዱ ከበሩ ውጭ ቆሞ ስለ ፔሩማል ይለማመጣል፣ ይምላል፣ ይገዘታል። ሌላው ከበሩ ጀርባ ሆኖ ስለ ታያር ይሳደባል። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ሥራውም ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። እርቅ ካልወረደ ባልና ሚስቱ አንድ ዙፋን ላይ አይቀመጡም። አንድ ላይ ተቀምጠው ያያቸው ደግሞ የሰባት ትውልድ ኃጢአት ይራገፍለታል። ስለዚህ በዚያች ቀን የሚጎርፈውን ተሳላሚ ከተማው አይችለውም።

ኮማላቫሊ የተወለደችው "የታያር አፍ" ከሚባለው ተናጋሪ ቤት ነው። አባቷ አራቫሙዳን ስለ ታያር ሲሳደቡ አርባ ዓመት ኖረዋል፤ በቀሩት ቀናት ግን ዝንብ እንኳ የማይቆጡ ሰው ነበሩ። በዓሉ ሲቃረብ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ስድባቸውን ሲያጠኑ፣ ልጅቷ ምሰሶ አቅፋ ትሰማለች። በሰባት ዓመቷ ቃል በቃል ያዘችው። በዘጠኝ ዓመቷ የራሷን መጨመር ጀመረች።

ምላሷ ያን ጊዜም አያርፍም ነበር። ከመቅደሱ ኩሬ ዳር የድንጋይ ሽመላ አለች። ጻድቃን የሚታጠቡበትን ውኃ ዓሣ አልበላም ብላ ጦማ፣ ጦማ፣ በመጨረሻ ፔሩማል የተገለጠላት ወፍ ናት፤ የከተማው ስምም ከእሷ የመጣ ነው። ተሳላሚዎች እያለቀሱ የወፏን እግር ሲነኩ ትንሿ ኮማላ ጠጋ ትልና፣ "እህል ውኃ የተወችው ጸድቃ እንዳይመስላችሁ፤ ዓሣው አልቆባት ነው" ትላቸዋለች። አባቷ ጆሮዋን ይዘው ወደ ቤት ያስገቧታል። በሩን ዘግተው ደግሞ ይስቃሉ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለሳራንጋን ተዳረች። ሳራንጋን ማን ነው ቢባል የፔሩማል አፍ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ሞት በኋላ ራሱ ከበሩ ውጭ የሚቆመው እሱ ሆነ። መልከ መልካም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ እንደ ከበሮ። ከተማው ይህን ጋብቻ ሲሰማ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። "አሁንስ ልምምዱ ከቤት ሆነ" አሉ።

አዎ፣ ከቤት ሆነ። ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ልጆች አሳደጉ፤ ተጣሉ፣ ታረቁ። በጠቡ ቀን ግን ኮማላ አንድም ጊዜ መቅደስ ሄዳ አታውቅም። የሳራንጋን ዘመዶች ከየመንደሩ መጥተው ቤቷን ስለሚሞሉት፣ እሷ ሩዝ ስታማስል የአባቷንና የባሏን ክርክር በድምፅ ማጉያ ትሰማለች። አባቷ አንድ ስድብ ሲዘሉ ለድስቱ ትነግረዋለች።

ያን ዓመት በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው የአራቫሙዳን ድምፅ ጠፋ። ቁንዶ በርበሬ በማር ጠጡ፣ በእንፋሎት ታጠኑ፤ የሚወጣው እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። ሥራውን የሚወርሰው የወንድማቸው ልጅ ቫራዳን ደግሞ ከሁለት መስመር በላይ አያውቅም። በበዓሉ ጠዋት ወደ ልጃቸው ቤት መጡ።

"አንቺ ትናገሪያለሽ" አሏት በሹክሹክታ።

"አባዬ፣ አበዱ እንዴ? ሴት ነኝ እኮ።"

"ታያርስ ምንድን ናት? በሩ ዝግ ነው፤ ማን ያይሻል? እኔ ከፊት እቆማለሁ።"

"ቤቴ ውስጥ አሥራ ስምንት እንግዳ አለ።"

"ይራባቸዋላ!"

ኮማላ አልሳቀችም። ሆዷ ውስጥ አምስት ሳምንት ሙሉ እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል የከረመ ነገር ነበራት። ባለፈው ወር ኤካዳሺ፣ እህል በማይቀመስበት የጦም ቀን፣ ሳራንጋን "የእህቴን ጉልበት ላሳክም" ብሎ ወጥቶ ነበር። አበባ ሻጯ ፖናማ ደግሞ በዓይኗ አይታዋለች፤ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከሮቃው ዛፍ ሥር፣ እንቁላል በሽንኩርት ሲያስጠብስ። በእነሱ ቤት እንኳን እንቁላል፣ ሽንኩርትም ደጃፉን አያልፍም። ኮማላ ይህን ሰምታ ለባሏ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጊዜውን ስትጠብቅ ነበር።

"እሺ" አለች አባቷን። "እመጣለሁ።"

ከበሩ ጀርባ የመቅደሱ ዋና ካህን ኬሳቫን ከታያር ምስል አጠገብ ቆመው ነበር። ኮማላን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። አራቫሙዳን ጉሮሯቸውን አመለከቱ፣ ቀጥሎ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ደግሞ ከውጭ የሚጮኸውን ሕዝብ። ኬሳቫን ዞር ብለው መብራቱን ማስተካከል ጀመሩ። ምንም አላየሁም ማለታቸው ነው።

ከውጭ ከበሮው ተመታ። ፔሩማል ደረሰ። በሩ በኃይል ተዘጋ።

"የዓለማት እመቤት ሆይ!" አለ ሳራንጋን፤ ድምፁ በማጉያው ከተማውን ሞላው። "በሩን ክፈቺ። ጌታሽ ደክሞት መጥቷል።"

"ደከመው?" አለች ኮማላ። "ምን ሲሠራ?"

ሕዝቡ ሳቀ። ሳራንጋን ግን ቀጥ ብሎ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ድምፅ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። 

"አ... አደን ወጥቼ ነበር" አለ። "ጫካው ውስጥ እሾህ ቧጨረኝ።"

"እሾህ ነው? እንሶስላ የሞቀ እሾህ ነው ታዲያ፤ የጥፍሩ ቀለም አንገትዎ ላይ ቀርቷል።"

"እምላለሁ! እባብ ያለበት ማሰሮ አምጡልኝ፣ እጄን እከታለሁ።"

"እባብማ ፍራሽዎ አይደል? ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ የተኙበት እባብ ዛሬ ምን ብሎ ይነክስዎታል?"

"ጥልቅ ባሕር ውስጥ እገባለሁ!"

"ቤትዎ ይግቡ፤ ማን ከለከለዎት?"

እስከዚህ ድረስ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነገር ነው። ሳራንጋንም እየተረጋጋ መጣ። ቀጥሎ የሚመጣው የቀለበቱ ጥያቄ ነው፤ መልሱን አዘጋጅቷል። አራቫሙዳንም ለልጃቸው በጣታቸው ቀለበት ሠርተው አሳዩዋት። ኮማላ አላየቻቸውም።

"ቀለበቱን ይተዉት፣ ጌታዬ" አለች በማር ድምፅ። "ሌላ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ወር ኤካዳሺ፣ እርስዎ ራስዎ እህል አይቀመስ ብለው ባዘዙበት ቀን፣ መናኸሪያው አጠገብ ከሮቃው ዛፍ ሥር ምን ሊያደርጉ ሄዱ?"

 ከሴቶቹ መካከል አንዲት ሳቅ አፈትልካ ወጣች፤ ፖናማ ነበረች።

ሳራንጋን ላቡን በነጠላው ጠረገ። "አንድ... አንድ ችግረኛ ምእመን ጠርቶኝ ነበር" አለ። "ልገለጥለት ሄድኩ።"

"መገለጥስ ልማድዎ ነው። ዓሣ ሆነው ተገልጠዋል፣ ኤሊ ሆነዋል፣ ከርከሮም ሆነዋል። እንቁላል ጥብስ የሆኑበትን ዘመን ግን ካህናቱ አላስተማሩኝም።"

ያን ጊዜ ግቢው ፈረሰ ማለት ይቻላል። ሰው በሰው ላይ ተደግፎ ሳቀ። ተሸካሚዎቹ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ፔሩማል ራሱ የሳቀ ይመስል ዙፋኑ ላይ ወዲያና ወዲህ አለ። አራቫሙዳን ድምፅ በሌለው ሳቅ ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ።

ሳራንጋንም ቀላል ሰው አይደለም። ደረቱን ነፋ።

"መልካም፣ እመቤቴ! እኔም ልጠይቅ። በመኸር በዓል ለእኔ የሚቀርበውን የወተት ሩዝ፣ እኔ ሳልቀምሰው፣ ግራና ቀኝ አይታ በማንኪያ የቀመሰችው ማን ናት?"

አሁን ኮማላ ናት አፏን በእጇ የያዘችው። ለአምላክ የሚቀርብ ምግብ እንኳን ሊቀመስ አይሸተትም። ባሏ ተኝቷል ብላ ነበር እኮ! ኬሳቫን መብራቱን ትተው ዞረው አፈጠጡባት።

"ቀምሻለሁ!" አለች፤ ሌላ መውጫ አልነበራትም። "እኔ እናት ነኝ። እናት ሳትቀምስ ለማን ትሰጣለች? ጨው የገባበት ሩዝ በልተው ፊትዎ እንዳይኮሳተር ብዬ ነው። እንዲህ ነው ውለታዬ የሚመለሰው?"

"እውነቷን ነው!" ብለው ሴቶቹ ጮኹ። እንደ ደንቡ አበባና ቅቤ መወርወር የሚጀምሩት በዚህ ሰዓት ነው፤ ያን ዕለት ግን ዙፋኑን ትተው ሳራንጋንን ዒላማ አደረጉት። አንዱ የቅቤ ድቡልቡል ጆሮው ላይ ተለጠፈ።

ፀሐዩ ደግሞ አይምርም። ባዶ እግሩን ድንጋዩ ላይ የቆመው ተሳላሚ እየሳቀ ይዘላል፣ እየዘለለ ይስቃል።

"ልጄ፣ ክፈቺ" አሉ ኬሳቫን በልመና። "ሕዝቡ እግሩ ተቃጠለ።"

"ቃል ይግባ" አለች ኮማላ ጮክ ብላ። "ከእንግዲህ ሲወጡ እኔንም ይዘውኝ ይሂዱ።"

"የት? ከወንዙ ማዶ?" አለ ሳራንጋን።

"የትም! የእህትዎን ጉልበት ለማሳከምም ቢሆን።"

ሳራንጋን ወደ በሩ ጠጋ አለ። ቀጥሎ የተናገረው በፔሩማል የከበሮ ድምፅ አልነበረም። "እሺ" አለ ዝቅ ብሎ፤ "እወስድሻለሁ።"

በሩ ተከፈተ። ከፊት የቆሙት አራቫሙዳን ነበሩ፤ ፊታቸውን ኮስተር፣ ደረታቸውን ቀና አድርገው። ኮማላ ምሰሶ ጀርባ ተደበቀች። ፔሩማልን አስገብተው ከታያር ጎን አስቀመጡት፤ ደወሉ ተደወለ፣ ከበሮው ነጎደ፣ ሕዝቡ እጁን ከአናቱ በላይ አጋጥሞ ጮኸ። እሷም ከምሰሶው ጀርባ በአንድ ዓይን አየቻቸው። ከተዳረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ስትለፈልፍ የቆየችው ሴት እጇን ከአናቷ በላይ አጋጠመች። እንባዋ ወረደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሳራንጋን ጆሮውን እየጠረገ ነበር።

"ማን ነገረሽ?"

"ታያር ነገረችኝ።"

"ሩዙ እኮ ጨው አልነበረበትም።"

"ትንሽ ነበረበት።"

ሳራንጋን ሊቆጣ ሞከረና ሳቁ አመለጠው።

ከተማው ያን ሰሞን ያወራው ስለ አራቫሙዳን ነበር። "ሽማግሌው ድምፃቸው እንደ ወጣት ሆነ እኮ!" ይሉ ነበር፣ እየተጣቀሱ። እሳቸውም አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ምስጋናውን ተቀበሉ። ድምፃቸው ከዚያ በኋላ ደህና ሆኖ አያውቅም፤ በየዓመቱ ግን በጠቡ ቀን እንደምንም ይመለስላቸዋል። አንዴ መቅደሶችን የሚቆጣጠር የመንግሥት ሹም መጥቶ "የምሰማው የሴት ድምፅ ነው ወይስ የወንድ?" ቢል፣ ኬሳቫን "የታያር ነው" ብለው መለሱለት።

ቀስ በቀስ የከተማው ሴቶች በዓሉ ሲቃረብ በኮማላ በረንዳ ማለፍ ጀመሩ። አንዷ ስለ ባሏ ቁማር፣ ሌላዋ ስለ ባሏ ኩርፊያ፣ ሹክ ብለው ይሄዳሉ። ታያርም በዓመቱ ትጠይቃለች፤ ስም አትጠራም፤ የሚመለከተው ሰው ግን ጆሮው ይቀላል። ለዚህ ነው በቲሩናሬይኩዲ ወንዶች ከበዓሉ በፊት ባለው ወር እንደዚያ ጨዋ የሚሆኑት።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር፣ ጃንጥላውን ዘቅዝቆ፣ ወደ በረንዳዋ ወጣ።

"እማማ ኮማላ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ "የእኔን ነገር ዘንድሮ እንዳያነሱት ልለምንዎ ነው የመጣሁት።"

ኮማላ ስለ መምህሩ የምታውቀው አንድም ነገር አልነበረም።

"አላነሳውም፣ ልጄ" አለችው፤ ምንጣፉን ጠረግ አድርጋ ቦታ እየሰጠችው። "ግን ምኑን እንዳላነሳ ነው? በስህተት እንዳይወጣኝ፣ እስቲ ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

መምህሩ ተቀምጦ ነገራት።