በእንፋሎት የወጣች ባልዲ

ባሌ ገሠሠ ውሃ ሲፈላ ካየ ቆሞ ይቀራል። ሌላው ሰው ካርታ ይጫወታል፣ ጠላ ቤት ይቀመጣል፤ እሱ የድስት ክዳን ሲንቀጠቀጥ ያያል። በምን አፌ እወቅሰዋለሁ? ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የሳሙና ፋብሪካ ቦይለር ሲያነድ ኖሮ እዚያው ሸበተ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ ካፖርቱንና የሻይ ኩባያውን በካርቶን ይዞ መጣና በሩ ላይ አስቀመጠው። "ደክሞኛል፣ ፅጌረዳ" አለኝ።

እኔም ደክሞኝ ነበር። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ባለው ግቢያችን አረቄ አወጣለሁ። አረቄ የምታወጣ ሴት እሳት ይጨርሳታል ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ የሚጨርሳት ውሃው ነው። ድፍድፉ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ገንዳ ውስጥ የተቀመጠው መቀበያ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ሲቀዘቅዝ አረቄ ይሆናል። የገንዳው ውሃ ግን ቶሎ ይሞቃል። ሞቀ ማለት አረቄው ቀረ ማለት ነው፤ ይደፋል፣ ሌላ ይቀዳል፣ እንዲህ ቀኑን ሙሉ። ጉድጓዳችን ደግሞ ጥልቅ ነው።

ልጃችንን ናዝሬትን ከወለድኩ ጀምሮ ማህፀኔ ይወርዳል፤ ሸክም ሲበዛብኝ ደም ይፈሰኛል። ድሮ ይህን ለሰው አላወራም ነበር፤ እርጅና ሐፍረቴን ወሰደልኝ። ሐኪሟ "ውሃ መጎተት ካላቆምሽ አልጋ ላይ ትቀሪያለሽ" አለችኝ። እሷ ምን አለባት፣ አረቄውን ብተወው ምን እንበላለን? ናዝሬት አግብታ አዋሳ ገብታለች። ገሠሠ ሳሪስ አንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ገባ፤ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት የቻለውን ይቀዳልኛል፣ ረፋዱ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገመዱን እኔው እይዛለሁ። ሲመለስ ፊቴን አይቶ ያውቃል። አይቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ምድጃው ዳር ቁጭ ብሎ ቆየና፣ "ይሄ ሁሉ እሳት አለሽ" አለኝ። "ከዚህ ሁሉ እሳት ጋር ተቀምጠሽ በእጅሽ ትጎትቻለሽ።"

"እና እሳቱ ይቅዳልኝ?"

"እሳቱማ አይቀዳም። እንፋሎቱ ግን ይቀዳል።" ከዚያ ለሕፃን እንደሚያስረዳ አስረዳኝ። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ያለበት ቤት ይጠበዋል፤ መውጫ ፍለጋ ያገኘውን ይገፋል። የድስቱን ክዳን የሚያነሳው እሱ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ለቦይለሩ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ራሱ በዚያው እንፋሎት ነበር የሚሠራው። "ያን ሁሉ ውሃ የገፋ ነገር አንድ ባልዲ ማውጣት ያቅተዋል?" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጓሮዬ የብረት መጋዘን ሆነ። ከመርካቶ የአሮጌ ከባድ መኪና የአየር ታንክ አመጣ። ከተጣለ ኮምፕረሰር ፒስተንና ሲሊንደር ፈታ። የብስክሌት ካቴና፣ የጋሪ ጎማ፣ ምን ያላመጣው አለ። ሰፈሩ "ገሠሠ የድሬዳዋን ባቡር ጓሮው ሊያስገባ ነው" እያለ ሳቀበት። እኔም ስቄበታለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሱ አልለቀቀም።

የሚበይድለት ሙሄ ነበር፣ መንገዱ ዳር ያለው በያጅ። "ጋሼ፣ የመብራት ፓምፕ ገዝተው ቢገላገሉስ?" አለው።

"መብራቱን አንተ ታመጣልኛለህ?" አለው ገሠሠ። ያን ጊዜ መብራት በፈረቃ ነበር። ሙሄ ስቆ መነጽሩን አጠለቀ።

ታንኩን ጓሮ ባለው ማድ ቤት ከአረቄ ምድጃዬ ጎን ተክሎ ውሃ ሞላው፤ አንዱ እሳት ሁለቱንም ያሞቃል። መክፈቻውን ስከፍት እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ በካቴና ጉድጓዱ አፍ ያለውን ጎማ ያዞራል። አናቱ ላይ ቀዳዳ ተወለት፣ ቀዳዳው ላይ ከባድ ብረት አስቀመጠ። "ይሄ መተንፈሻው ነው" አለኝ። "ባልዲ በማታወጪበት ሰዓት ግፊቱ ሲበዛ ብረቱን አንስቶ ይወጣል። ሲያፏጭ አትፍሪ። መፍራት ያለብሽ ዝም ሲል ነው።"

ኅዳር መጨረሻ ላይ አስነሳው። መጀመሪያ አቃሰተ፣ ውሃ ተፋ፣ ቆመ። ገሠሠ ጎማውን በእጁ ገፋ አደረገለት። ከዚያ እየተንገጫገጨ ዞረ፣ ገመዱ ተጠቀለለ፣ ባልዲዋ ማንም ሳይነካት ከጉድጓዱ ብቅ አለች። እኔ አፏን ዘንበል ማድረግ ብቻ ነው፤ ውሃው በቆርቆሮ ቦይ ራሱ ወደ ገንዳው ይሄዳል። አለቀስኩ። የሳቁብን ጎረቤቶች እየተጠራሩ መጥተው አዩ። ገሠሠ ግን ማሽኑን አያይም፤ እኔን ነበር የሚያየኝ። እንደዚያ ቀን ተወድጄ አላውቅም።

በእነዚያ ሳምንታት እግሬን ዘርግቼ ስፌት ያዝኩ። ሰውነቴ ተመለሰ።

ጥር ገባ፣ የሠርግ ወር፤ አረቄ የሚፈልግ በዛ። ወዳጄ አማከለች ልታግዘኝ መጣች። አረቄ ማውጣት ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ በሰፈሩ እሷን የሚያክል ባለሙያ የለም። አረቄ የምታወጣ ሴት ደግሞ እንፋሎት ሲያመልጥ ዝም ብላ ማየት አትችልም። የሚያመልጠው አረቄው ነው፤ ስለዚህ ከመቃው ሥር ፍስስ የሚል ነገር ከሰማች ሊጥና አመድ ለውሳ ትመርገዋለች። ይህን እጇ ራሱ ያውቀዋል።

ያ ቅዳሜ ነበር። እኔ ከታንኩ በስተጀርባ፣ በግድግዳውና በገንዳው መሀል ባለው ጥበት ገብቼ መቀበያዎቹን እለውጣለሁ። አማከለች "ፅጌ፣ አረቄሽ አየር ላይ እየሄደልሽ ነው እኮ" ስትለኝ ስለ መቃው መስሎኝ "ምረጊው በይ" አልኳት። ለካ መተንፈሻውን ነው። በጨርቅና በሊጥ ደፈነችው፣ በሽቦ አሰረችው፣ ላዩ ላይ የተሰበረ መጅ ጫነችበት። ፉጨቱ ቆመ። እኔም ጸጥ ሲል፣ እሰይ ጆሮዬ አረፈ አልኩ።

ገሠሠ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው። ከበር ገና ሲገባ ጸጥታውን ሰማ። ሮጦ መጥቶ አማከለችን በትከሻዋ ይዞ ወደ ውጭ ገፋት፤ "ፅጌረዳስ?" አላት። ወዲያ ናት አለችው። እኔ ለመውጣት በታንኩ አጠገብ ማለፍ አለብኝ፤ ታንኩ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እሳቱን በእግሩ በተነ። መጁን ጣለው። ሊጡን በእንጨት መታው፣ ከሙቀቱ የተነሳ ደርቆ ሸክላ ሆኗል፣ አልነቃነቅ አለው። ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሽቦውን ከነሊጡ በሁለት እጁ ይዞ ነቀለው።

የወጣው እንፋሎት ጣሪያውን ነካ። የጮህኩት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ከረመ። ደረቱ ዳነ፤ እጆቹ ግን ተጨማደው ቀሩ፣ ጣቶቹ አይታጠፉ አይዘረጉ። ዘበኝነቱም ቀረ። ሰፈሩ "ተው ብለነው ነበር" አለ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አማከለች እየመጣች እግሩ ሥር ታለቅስ ነበር። "እኔ ልቃጠልልህ" ትለዋለች። እሱ "ሙያሽን ነው የሠራሽው" አላት። ሙሄ እንደገና ልሥራው ብሎ መጣ። እኔ ያን ብረት ዓይኔ እንዳያየው ብዬ አስወሰድኩት።

አረቄው ግን አይቀርም፣ መብላት አለብን። ገመዱን ያዝኩ። ገሠሠ ከአልጋው ላይ ሆኖ የገመዱን ሲጥሲጥታ ሲሰማ፣ "ማን ነው የሚቀዳው?" ይለኛል። "አማከለች ናት" እለዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ቆየሁ። ደሜ እንደገና መፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ ልብሴን ተደብቄ አጥባለሁ።

አንድ ቀን ባልዲውን ይዤ ስገባ አማከለች ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ አጥሚት ታጠጣዋለች። ለካ እኔ ስጎትት ገብታ ነው። ገሠሠ እሷን አየ፣ እኔን አየ። እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር ከተተ።

በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ካፖርቱን ለብሷል።

"እሰሪልኝ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ገመዱን። ወገቤ ላይ።"

"አበድክ እንዴ ገሠሠ?"

"እጄ አይዝም እንጂ እግሬ ይሄዳል። እሰሪልኝ።"

ተከራከርኩት፣ ተቆጣሁት፣ አልሰማኝም። ካፖርቱን አጥፌ ከገመዱ ሥር አደረግኩና አሰርኩት። ጀርባውን ለጉድጓዱ ሰጥቶ ወደ አጥሩ ሄደ፣ ቀስ እያለ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደሚያርስ በሬ። እሱ በራቀ ቁጥር ባልዲዋ ወጣች። አፏን ዘንበል አድርጌ ውሃውን ወደ ቦዩ ለቀቅኩት። እሱም ተመልሶ መጣ፤ ባልዲዋ ወረደች።

ዛሬም የሚቀዳልኝ እንደዚያ ነው። ከጉድጓዱ እስከ አጥሩ ያለው መሬት ሣር አያበቅልም። ብዙ ጊዜ ባልዲዋ መድረሷን ረስቼ እሱን ሳይ እቆያለሁ፤ እሱም ተመለስ እስክለው ገመዱን ወጥሮ ይጠብቀኛል።